ቀኑን ለእናታችን እንስጣት



ለዛሬ ቀላል የሚመስል አንድ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። እናታችሁን ይዛችሁ ከቤት የወጣችሁት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነበር? ሐኪም ቤት መውሰዱን አንቆጥረውም። ለቅሶ ወይም ሰርግ ቤት ማድረሱንም አንቆጥረውም። እነዚህ ሁሉ ጉዳይ ናቸው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ጉዳይ ሳይኖር፣ ለእሷ ብቻ ተብሎ፣ ከጧት እስከ ማታ ከእሷ ጋር የዋላችሁበትን ቀን ነው።

ይህን ጥያቄ ለሌላ ሰው ከማቅረባችን በፊት ራሳችንን ጠይቀነዋል። ይህን ጽሑፍ በጋራ ያሰናዳን አራት እህትና ወንድማማቾች ነን። ሁለታችን ነጋዴዎች፣ አንዳችን መምህር፣ ታላቅ እህታችን ደግሞ የቤት እመቤት ናት። አባታችን ወደ አኼራ ከሄደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ አላህ ይዘንለት። እናታችን አልሐምዱሊላህ አለችን። ለዒድ ልብስ እንገዛላታለን፤ የመድኃኒቷን እንከፍላለን፤ በየወሩ የአስቤዛ እንሰጣታለን። በዚህም ሐቋን የተወጣን ይመስለን ነበር። ጥያቄው በተነሳ ጊዜ ግን አራታችንም መልስ አጣን።

ሐዲሱ የሚጠይቀን ምንድን ነው?

ስለ እናት ሐቅ ሲነገር ሁላችንም ቶሎ የምናስታውሰው አንድ ሐዲስ አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። አንድ ሰው ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥቶ፣ በመልካም ጓደኝነቱ ከሰው ሁሉ ይበልጥ የተገባው ማን እንደሆነ ጠየቃቸው። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሦስት ጊዜ በተከታታይ እናቱን ጠቀሱለት፤ አባቱን የጠቀሱለት በአራተኛው ነው።

ይህን ሐዲስ በየዳዕዋው ስንሰማ ብዙ ጊዜ ልባችን የሚያርፈው «ሦስት ጊዜ» በሚለው ላይ ነው። እስቲ ደግሞ ወደ ጥያቄው ራሱ እንመለስ። ሰውዬው የጠየቀው ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጥ አይደለም። የጠየቀው ስለ ሱሕባ፣ ማለትም ስለ ጓደኝነት ነው። ጓደኛ ማለት አብሮ የሚሄድ፣ አብሮ የሚቀመጥ፣ የሚጨዋወት፣ የልብን የሚሰማ ነው። ከጓደኞቻችን ጋር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ሦስት ሰዓት ስናወራ ጊዜው አይታወቀንም። እናታችን ዘንድ ስንሄድ ግን ጫማችንን ሳናወልቅ «ቸኩያለሁ» እንላለን። ገንዘባችንን ተቀብላ ጓደኝነታችንን ያጣች እናት ስንት ናት?

ያልተሳካው የመጀመሪያው ጉዞ

ጥፋታችን ከታወቀን በኋላ አንድ እሁድ ልንክሳት ተነሳን። አራታችን ተሰብስበን መከርን፤ እሷን ግን አላማከርናትም። «እናስደንቃት» ተባባልን። መኪና ተከራየንና ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ወደ ቢሾፍቱ፣ ከሐይቆቹ በአንዱ ዳር ወዳለ የታወቀ መዝናኛ ወሰድናት።

ቦታው በእርግጥ ያምራል። ለእኛ ለልጆቿ ማለታችን ነው። ወደ ውኃው ዳር ለመውረድ ብዙ ደረጃ አለው፤ እናታችን ደግሞ ጉልበቷን ያማታል። ምግብ ሲታዘዝ የሥጋው እርድ እንዴት እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አልቻለችምና «እኔ ጾሜንም ብውል ግድ የለኝም፣ እናንተ ብሉ» አለች። ኋላ ላይ ዳቦ በሻይ ቀመሰች። በዙሪያችን መጠጥ ይጠጣል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። የዙህር ወቅት ሲገባ መስገጃ ፍለጋ ዞርን፤ በመጨረሻ ከመኪናው ኋላ ሳር ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ሰገደች። እኛ ፎቶ ስንነሳ፣ ስልክ ስናወራ፣ ልጆቻችንን ስናባርር ዋልን። እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ የማንንም ጨዋታ ሳታቋርጥ ዋለች።

ማታ ስንመለስ «እንዴት ነበር እማዬ?» አልናት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደስ ብሎኛል ልጆቼ። አላህ ይስጣችሁ» አለችን። እናት ሌላ ምን ትላለች? በማግስቱ እግሯ አብጦ መነሳት እንዳቃታት የሰማነው ግን ከቤት ሠራተኛዋ ነው።

እህታችን ያኔ አንድ ነገር ተናገረች። «የወሰድነው እማዬን ነው፤ የዋለው ግን የእኛ ቀን ነው» አለች። እውነቷን ነው። ወጪውን ከፍለን፣ ቦታውን መርጠን፣ ሰዓቱን ወስነን፣ እሷን እንደ ዕቃ ጫንናት። ቀኑን ግን አልሰጠናትም።

በበረካው ቡና ላይ

ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ጊዜ ለማቀድ ስንነሳ አስቀድመን እንጠይቃት ብለን ወሰንን። መጠየቁም ብልሃት እንደሚፈልግ ያወቅነው ያኔ ነው። ወንድማችን «እማዬ፣ የት እንውሰድሽ?» ቢላት የምትመልሰውን ታውቁታላችሁ። «እኔ ምን ቸግሮኝ ልጄ! እናንተ ደህና ሁኑልኝ እንጂ» አለችው። እናቶቻችን ለራሳቸው መጠየቅን አልለመዱም። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሌላውን ፍላጎት ሲያሟሉ ኖረው፣ በእርጅናቸው ድንገት «ምን ትፈልጊያለሽ?» ሲባሉ ሸክም የሚሆኑብን ይመስላቸዋል።

ታናሽ እህታችን ግን መንገዱን አገኘችው። አንድ ቀን ከሰዓት ብቻዋን ሄዳ ቡና አፈላችላት። አቦሉን ጠጡ፤ ቶናውን ጠጡ። በረካው ሲቀዳ፣ «እማዬ፣ ለብዙ ጊዜ ያላየሽው፣ ዓይንሽ የሚናፍቀው ሰው ማነው?» አለቻት።

እናታችን ስኒውን አስቀመጠችና ዝም አለች። ከዚያ ዓይኗ እንባ ሞላ። የድሮ ጎረቤታችንን ጠራች።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢያን እንግለጸው። እኛ የተወለድነው ልደታ ነው። ሰፈራችን በ2002 ዓ.ም. ገደማ ለልማት ሲፈርስ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ጎረቤታችን ወደ ገላን ሄዱ። የኮንዶሚኒየም ግንባታ በከተማችን ከ1997 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ብዙ ሰው የቤት ባለቤት አድርጓል፤ ይህ የማይካድ ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡ እናቶች ጉልበታቸው ሲደክም ደረጃው በር ሆኖ ይዘጋባቸዋል። ዕድሩ፣ የቡና ጎረቤቱ፣ «እንዴት አደርሽ» የሚለው ድምፅ ሁሉ እዚያው የፈረሰው ሰፈር ይቀራል። እናታችንና ጎረቤቷ በስልክ ይገናኙ ነበር። ዓይን ለዓይን ከተያዩ ግን ብዙ ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጀሞም ገላንም እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው፤ አራት ልጆች ያሏት እናት ግን የሚያደርሳት አጥታ ኖራለች!

«ሌላስ እማዬ?» አለቻት እህታችን። ሌላው ቀላል ነበር። ዙህርን አንዋር መስጊድ መስገድ አማራት። መርካቶ ወርዳ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ራሷ አሽትታ፣ ራሷ ተከራክራ መግዛት ፈለገች። «እናንተ የምታመጡልኝ ቅመም ሽታ የለውም» አለች። ለዓመታት ሳትነግረን የተሸከመችው ቅሬታ ይኼው ነበር!

የእሷ ቀን

ቀኑን ቅዳሜ አደረግነው። መርካቶ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ስለምናውቅ ሕዝቡ ሳይበዛ በጧት ወረድን። እናታችን ከፊት፣ እኛ ከኋላ ዘንቢል ይዘን። ነጋዴውን «አንተ ልጅ፣ ይኼን ለማያውቅ ሽጥ» ብላ ስትከራከር የሃያ ዓመት ወጣት መሰለች። አንድ ሰዓት ሙሉ ኮረሪማ ስታሸት ማንም አላጣደፋትም። ሲደክማት የምታርፍበት ትንሽ በርጩማ ይዘን ነበር። ከዚያ አንዋር መስጊድ ገብታ ቀስ ብላ ውዱእ አድርጋ ዙህርን ሰገደች። ስትወጣ «ከአባታችሁ ጋር ለተራዊሕ እንመጣ ነበር» አለችን። ይህንንም አናውቅም ነበር።

ከምሳ በኋላ ወደ ገላን አመራን። አስቀድመን ደውለን ስለነበር ጎረቤታችን ከልጃቸው ቤት ምድር ቤት ወርደው ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ሁለቱ እናቶች አንገት ለአንገት ተቃቅፈው አለቀሱ። «ሰፈሩ ሲፈርስ በግርግር ሳንሰነባበት ቀረን፤ አውፍ በይኝ» አለች እናታችን። «እኔንም አውፍ በይኝ እህቴ» አሉ እሳቸው።

ከዚያም ጎረቤታችን ታላቅ እህታችንን አስጠርተው ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱ። «ይቺ ናት ያቺ የጡት ልጄ?» አሉ።

ታሪኩን በልጅነታችን በጨረፍታ ሰምተነዋል። ታላቅ እህታችን በተወለደች ሰሞን እናታችን ጠንቶባት ሐኪም ቤት ተኝታ ነበር። ጎረቤታችን የራሳቸውን ወንድ ልጅ እያጠቡ ሦስት ሳምንት እህታችንንም አብረው አጥብተዋታል። እኛ ይህን እንደ ጥሩ ጉርብትና ታሪክ ብቻ ይዘነው ቀርተናል። እናታችን ግን በዓመታት ውስጥ አንድ ስጋት ሲከነክናት ኖሯል። በዚያ ቀን ልጆቻችንን ሁሉ ሰብስባ፣ «ስሙ፤ እኒህ የአክስታችሁ የጡት እናት ናቸው። ልጆቻቸው በሙሉ ወንድሞቿና እህቶቿ ናቸው። ዛሬ ተበትነናል። ነገ በትምህርት ቤት፣ በሥራ ቤት ትገናኛላችሁ። ሳትተዋወቁ እርም ነገር ላይ እንዳትወድቁ እኔ ሳልሞት ልንገራችሁ ብዬ ነው» አለች።

ሁላችንም ደነገጥን። ታላቅ እህታችን ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት ልጅ አለቻት። የጎረቤታችን የመጨረሻ ልጅ ደግሞ ገና ያላገባ ወጣት ነው። በሸሪዓ ይህ ወጣት ለልጅቱ የጡት አጎቷ ነው። ሁለቱ ግን እስከዚያች ቀን በመንገድ ቢተላለፉ አይተዋወቁም ነበር።

የጡት እናትነት በኢስላም ተራ ውለታ አይደለም። ቁርአን በሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ 23 ለጋብቻ እርም የሆኑትን ሴቶች ሲዘረዝር ያጠቡ እናቶችንና የጡት እህቶችን ከሥጋ ዘመዶች ጋር አብሮ ጠቅሷል። ስንት ጊዜ መጥባት ይህን ሕግ ያጸናል በሚለው ላይ ዑለማዎች ይለያያሉ። በሻፊዒይ መዝሀብ አምስት ጊዜ ሲጠየቅ፣ በሐነፊይ መዝሀብ ጥቂቱም ይበቃል። በጨቅላነት ለሦስት ሳምንት መጥባት ግን በሁለቱም ዘንድ አያከራክርም። ታዲያ ይህ ዕውቀት በየትኛው መዝገብ ተጽፏል? በእናቶች ልብ ብቻ ነው። እናት ሳትጠየቅ ካለፈች ዕውቀቱም አብሯት ያልፋል።

እንግዲህ አስቡት። ሁለተኛውንም ጊዜ ቢሾፍቱ ወስደናት ቢሆን ኖሮ ይህን አናውቅም ነበር። ጎረቤታችን ከዚያ ቀን በኋላ አምስት ወር ብቻ ቆይተው ወደ አኼራ ሄዱ። በጀናዛቸው ላይ ታላቅ እህታችን እንደ ልጅ ቆመች። እናታችን አልቅሳ ስታበቃ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አውፍ ተባብለን ነበር» አለች።

ከሲራ የምናገኘው ትምህርት

የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ላይም ከእናት ጋር የተደረገ አንድ ጉዞ አለ። የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚያወሱት እናታቸው አሚና የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ ይዛቸው ከመካ ወደ የስሪብ (የዛሬዋ መዲና) ዘመድ ጥየቃ ሄደች። ሲመለሱ አብዋእ በተባለው ስፍራ ታማ አረፈች። ልጁን ወደ መካ የመለሰችው ሐበሻዊቷ ኡሙ አይመን ነበረች። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከብዙ ዓመት በኋላ የእናታቸውን መቃብር ጎብኝተው እንዳለቀሱና በዙሪያቸው የነበሩትንም እንዳስለቀሱ ሙስሊም ዘግበዋል።

ያች ያሳደገቻቸው ኡሙ አይመንም አልተረሳችም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። እሳቸው ካለፉ በኋላ አቡበከር (ረ.ዐ.) ዑመርን (ረ.ዐ.) አስከትለው፣ ነብዩ ይጠይቋት እንደነበረው ልንጠይቃት እንሂድ ብለው ቤቷ ሄደዋል። አለቀሰች፤ እነሱም አብረዋት አለቀሱ። ይህም በሙስሊም ሐዲስ ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ሁለቱ የኡማው መሪዎች ነበሩ፤ ሥራም አልጠፋባቸውም። አንዲት አሮጊት ዘንድ ሄደው አብሮ ለመቀመጥ ግን ጊዜ አላጡም። እኛ ምን የሚያህል ሥራ ይዘን ነው ጊዜ ያጣነው?

ለዝግጅቱ የሚረዱ ምክሮች

ከስህተታችንም ከስኬታችንም የተማርነውን ለአንባቢያን እንደሚከተለው እናካፍላለን።

1. በብልሃት ጠይቁ። «የት ልውሰድሽ?» አትበሏት። ማንን እንደናፈቀች፣ ልጅ ሳለች የት መሄድ እንደምትወድ፣ ከአባታችሁ ጋር የት ይሄዱ እንደነበር ጠይቋት። መልሱ ከዚያ ውስጥ ይወጣል። ስትመልስ ደግሞ «እሱማ ሩቅ ነው፣ እሱማ ምን ያደርጋል» ብላችሁ አታሳፍሯት።

2. ቀኑን በሶላት ወቅቶች ላይ አቅዱ። ዙህርን የት፣ አስርን የት እንደምትሰግድ አስቀድማችሁ እወቁ። የምትሄዱበት መስጊድ የሴቶች መስገጃ እንዳለው፣ ደረጃ እንዳይበዛበት፣ የውዱእ ቦታው እንዳያዳልጥ ተመልከቱ። ተቀምጣ የምትሰግድ ከሆነ ወንበር ያዙ።

3. ጤናዋን አስቡ። የስኳር ሕመም ያለባት እናት መድኃኒት ወስዳ ምግብ ማዘግየት የለባትም፤ ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች። ምግቧን በሰዓቱ አድርጉ፤ በእጃችሁም ስኳር ወይም ጣፋጭ ጭማቂ ያዙ። የደም ግፊት መድኃኒት ከሚወስዱት አንዳንዶቹ ሽንት ቶሎ ቶሎ ይይዛቸዋል። ብዙ እናቶች ይህን መናገር ስለሚያፍሩ ውኃ ሳይጠጡ ይውላሉ። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት የት እንዳለ እሷ ሳትጠይቅ እናንተ እወቁ።

4. ምግቡን ቤት ሥሩ። ሐላልነቱ የተረጋገጠ፣ ለጥርሷ የሚስማማ፣ የለመደችው ምግብ በሰሐን ተይዞ ቢሄድ ከማንኛውም ሆቴል ይበልጣል። ያን ቀን ግን ምግቡን እሷ እንዳትሠራው! «እማዬ ነገ ስለምንወጣ ዶሮ ሥሪልን» የሚል ልጅ ቀኑን ከመጀመሩ በፊት ቀምቷታል።

5. ስልክን ዝጉ። ስልካችሁ በየደቂቃው እየጮኸ ከእሷ ጋር ውለናል ማለት አይቻልም። ከእህትና ወንድሞቻችሁ አንዱ ብቻ ለአስቸኳይ ጉዳይ ስልኩን ይክፈት። ፎቶ ማንሳትም ቢሆን ፈቃዷን ጠይቃችሁ ይሁን፤ ፎቶዋ ለባዕድ እንዲታይ የማትወድ እናት ብዙ ናት።

6. ክርክርን ከቤት አስቀሩ። የውርስ፣ የብድር፣ የባልና ሚስት ጠብ በዚያ ቀን አይነሳ። እህትማማችና ወንድማማች ተኮራርፈው ከሆነ ደግሞ ከቀኑ በፊት ይታረቁ። ለእናት ከልጆቿ ሳቅ የበለጠ ሽርሽር የላትም።

7. ወጪውን አታስቆጥሯት። ዋጋ በፊቷ አይነገር። አቅም የሌለው ልጅም ከአቅሙ በላይ አይበደር። እኛ በሁለተኛው ቀን ያወጣነው ከመጀመሪያው ሩብ አይሞላም። ከመካከላችሁ ገንዘብ የሌለው በጉልበቱ፣ ዘንቢል በመያዝም ቢሆን ይሳተፍ።

8. ሳይደክማት መልሷት። ገና ደስ እያላት ቤት ብትገባ ይሻላል። የቀረውን ለሌላ ቀን ቀጥሩት። «ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ወር» ስትሏት ግን ከልባችሁ ይሁን፤ ኢንሻአላህን የማይፈጸም ቀጠሮ መሸኛ አናድርጋት።

እናቱ ሩቅ ላለችበት፣ ላለፈችበትም

ይህን የምታነቡ አንዳንዶቻችሁ በሳዑዲ፣ በዱባይ፣ በኩዌት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች እንደምትሆኑ እናውቃለን። በየወሩ የምትልኩት ገንዘብ ታላቅ ሰደቃም ታላቅ ሐቅም ነው፤ አላህ ይቀበላችሁ። እናንተ ቀኑን መስጠት ባትችሉ ሰዓቱን ስጡ። «ብሩ ደረሰሽ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት ሌላ ወሬ ይቅደም። በቪዲዮ ስትደውሉ ለእናታችሁ ቡና የሚያፈላላት ሰው አዘጋጁና እናንተም በዚያው ስኒ ይዛችሁ ጠጡ። የናፈቀችው ዘመድ ዘንድ ወንድማችሁ እንዲወስዳት የመኪናውን ኪራይ እናንተ ላኩ።

እናታቸው ሙስሊም ያልሆነች ወገኖችም አሉን። የአቡበከር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ.) ገና ያልሰለመች እናቷ ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቃ፣ እናቷን በመልካም እንድትቀበልና ዝምድናዋን እንድትቀጥል አዘዋታል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የሃይማኖት ልዩነት የእናትን ቀን አይነጥቃትም።

እናታችሁ ካለፈችም በሩ አልተዘጋም። ዱዓ አድርጉላት። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ.) እሱ በሌለበት እናቱ ሞታበት፣ ለእሷ የሚሰጠው ሰደቃ ይጠቅማት እንደሆነ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቆ፣ አዎን ሲባል የአትክልት ቦታውን ሰደቃ አድርጎላታል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ኸዲጃ (ረ.ዐ.) ካለፈች በኋላ በግ ሲያርዱ ለጓደኞቿ ሥጋ ይልኩ ነበር። ኢብኑ ዑመርም (ረ.ዐ.) የአባቱ ወዳጅ ልጅ የሆነን አንድ ገጠሬ መንገድ ላይ ቢያገኘው የሚቀመጥባትን አህያና የራሱን ጥምጥም ሰጥቶታል። እናንተም የእናታችሁን ቡና ጓደኛ፣ ጎረቤቷን፣ የዕድር አጋሯን ፈልጉ። እናታችሁ ልትሄድ አስባ ያልደረሰችበት ቤት ካለ እናንተ ሂዱላት።

ማሳረጊያ

ቁርአን በሱረቱል ኢስራእ ወላጆች አጠገባችን ሆነው ሲያረጁ የመሰልቸት ቃል እንኳ እንዳናሰማቸው፣ የእዝነትን ክንፍ እንድንዘረጋላቸው ያዘናል። ክንፍ ደግሞ ከሩቅ አይዘረጋም፤ ቀርቦ ነው።

ውድ አንባቢያን! የምንመክራችሁ በዓመት አንድ ጊዜ ተከብሮ የሚረሳ በዓል እንድታከብሩ አይደለም። እናታችን አሁን በየሁለት ወሩ አንድ ቀን አላት። ቦታውን የምትመርጠው እሷ ናት። በዚህ ወር ወደ ማን እንደምንሄድ አስቀድማ ነግራናለች፤ ዳቦ የሚደፋበት ዱቄትም ከወዲሁ ተገዝቷል።

እናንተም ዛሬ ማታ ደውሉላት። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ማንን እንደናፈቀች ጠይቋት።

አላህ (ሱ.ወ.) በሕይወት ላሉት እናቶቻችን ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልን፤ ያለፉትንም በእዝነቱ ይቀበልልን። የእናቶቻቸውን ሐቅ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።